ትንሿ መኪና እንዴት እንደ ተሠራች

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በእጅ ሥራ ትርኢት ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ጥቂት ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም ብትናገር ይሻልሃል ብለው መክረውኝ ነበር። ስለ ትምህርት ጥቅም ግን ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ ብዙዎች ስላሉ፣ እኔ በእጄ ሠርቼ ስለማውቀው ነገር ብቻ ልናገር ብዬ ይህችን በአንድ እጅ የምትያዝ መኪና ይዤ ቀርቤአለሁ። የልጅ ጨዋታ ነው ብላችሁ እንዳትንቋት እለምናለሁ። አባቴም መጀመሪያ ብረትና ሞረድ ይዤ ባዩኝ ጊዜ «ጠይብ ልትሆን ነው ያስተማርሁህ?» ብለውኝ ነበር። ዛሬ እዚህ ስላሉ ይህን የምናገረው አስፈቅጄአቸው ነው።

መኪናዋ ሁላችንም ቮልስ የምንላት የቮልስዋገን አምሳያ ናት። በካርቶን ውስጥ በመጣች ጊዜ ግን መኪና አልነበረችም፤ እንደ ወይን ዘለላ በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ የተንጠለጠለ ቁርጥራጭ ነበረች እንጂ። መሪው ለብቻ፣ ወንበሩ ለብቻ፣ ፓራውልቱ ለብቻ፣ ሞተሩ እንኳ ተከፋፍሎ በያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። ሠሪው ሥዕሉን እየተመለከተ፣ እየቆረጠ፣ እየሞረደ፣ እያጣበቀና ቀለም እየቀባ መኪና ያደርጋታል።

ፈረንጆች ይህን ሥራ ያስፋፉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ፖሊስታይሪን የሚባለው ፕላስቲክ ቀልጦ በብረት ቅርጽ ውስጥ በኃይል ሲገፋ፣ የጥፍር ጫፍ የምታህለውን ነገር ሳይቀር ይዞ ይወጣል። በእንግሊዝ አገር ኤርፊክስ የተባለው ፋብሪካ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1949 የፈርጉሰንን ትራክተር አምሳያ የሠራው የፈርጉሰን ሻጮች ለደንበኞቻቸው እንዲያሳዩበት ነበር፤ ቆይቶ ግን ገዢው ራሱ እንዲገጥመው ተበታትኖ በካርቶን ለሕዝብ ተሸጠ። በአሜሪካም ኤ.ኤም.ቲ. የተባለው ፋብሪካ በ1958 ከአንድ ካርቶን ሦስት ዓይነት መኪና የሚወጣበትን ዘዴ አመጣ። ገዢው ቢፈልግ ከፋብሪካ እንደ ወጣች፣ ቢፈልግ በራሱ ምርጫ እንዳሻሻላት፣ ቢፈልግም ለእሽቅድምድም እንደ ተዘጋጀች አድርጎ ይሠራታል። ማሻሻል የሥራው ግማሽ ሆነ ማለት ነው።

ሞዴል ማለት እንዲያው በግምት ማሳነስ አይደለም። የእኔዋ ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ ታንሳለች። እውነተኛዋ ቮልስ ከፊት ጎማ መካከል እስከ ኋላ ጎማ መካከል 2 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ናት፤ ይህ ለ24 ሲካፈል ልክ 10 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ማስመሪያዬን አስጠግቼ 10 ሳንቲ ሜትር ባገኘሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ የሒሳብ መምህራችን ይረዱልኛል፤ በፈተና ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ደስታ አግኝቼ አላውቅም። ቮልስ በሜክሲኮ የመጨረሻዋ እስከ ተሠራችበት እስከ 2003 በፈረንጅ አቆጣጠር ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡትም በቮልስ ነው። በብዙ የሚቆጠሩ ትልልቅ መኪኖች ለነበሯቸው ንጉሥ እንዲህ ያለችው ትንሽ መኪና መምጣቷ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ የጋይንት ልጆች መኪና ለመሥራት ከፈረንጅ አገር ካርቶን ጠብቀን አናውቅም። አካሉ ከዘይት ቆርቆሮ ወይም ከተቀደደ ጀሪካን፣ ጎማው ከቆርኪ ወይም ከአሮጌ በረባሶ፣ ብረቱ ከአጥር ሽቦ ይሆናል። በረባሶ ደግሞ ቀድሞውኑ ከካሚዮን ጎማ የተቆረጠ ጫማ ነው፤ ስለዚህ ጎማው ጫማ ሆኖ ሰው ሲሸከም ኖሮ ሲያረጅ እንደገና ጎማ ይሆናል። ይህን ከእናንተ መካከል ያልሠራ ወንድ ልጅ ቢኖር እጁን ያውጣ።

ከእኔ ጋር እስከ 4ኛ ክፍል የተማረ አንድ ልጅ ነበር። ስሙን በንግግር አልጠራውም፤ ራሱ ፈቅዶ ካስጻፈበት ካርድ ላይ ኋላ ታነቡታላችሁ። የሁላችን መኪና ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የእርሱ ብቻ ይታጠፍ ነበር። ሁለቱን የፊት እግሮች ለየብቻ በሽቦ አንጠልጥሎ፣ በአንድ ዘንግ አያይዞ፣ ያንን ዘንግ ከረዥም ሸንበቆ ጋር አስሮ፣ ቆሞ እየሄደ በሸንበቆው ጫፍ ላይ ባለች መሪ ወደ ፈለገበት ይጠመዝዘዋል። ይህን ያስተማረው አልነበረም። አባቱ በገበያው ዳር ወናፍ ዘርግተው ማረሻና ማጭድ የሚያበጁ ሰው ናቸው።

አንድ ቀን ቁልቁል ስንሽቀዳደም የእኔ መኪና ከድንጋይ ተጋጭታ ተሰባበረች፤ የእርሱ ድንጋዩን ዞራ አለፈች። በንዴት «አንተ የጠይብ ልጅ፣ በዓይንህ በላሃት!» አልሁት። ልጆቹ ሳቁ። እርሱ መኪናውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ከትምህርት የቀረው በእኔ ቃል ብቻ ነው አልልም፤ ከእኔ በፊት ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎታል። የመጨረሻው ቃል ግን የእኔ ነበረ።

ኋላ በታሪክ ትምህርት ሁለት ነገር አንብቤ አፈርሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ከሚሲዮን የመጡትን ባለ እጆች ከአገራችን ሠራተኞች ጋር አድርገው መድፍ አሠርተዋል። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሠረገላ አስጭነው፣ ዐለት እያስፈነቀሉና መንገድ እያስጠረጉ፣ በ1860 ዓ.ም. በጋይንት ምድር በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዙ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው የዚያ መድፍ አምሳያ ስለ ሆነ፣ እኔ እርሱንም ከሞዴሎች እቆጥረዋለሁ። እንግዲህ በእኛ ምድር መንኰራኵር ያለፈው ካሚዮን ከመምጣቱ ብዙ ዘመን ቀድሞ ነው፤ ያሳለፉትም ባለ እጆች ናቸው። ሁለተኛው ነገር የዳግማዊ ምኒልክ ዐዋጅ ነው። በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ሸማኔ እያሉ መስደብን ከለከሉ። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። መኪናውን ተቀበልን፤ ዐዋጁን ግን እኔ በ4ኛ ክፍል ሳለሁ ገና አልሰማሁትም ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔ ወደ ዘመድ ቤት ተልኬ እስከ 8ኛ ክፍል በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማርሁ። በዚያ የእጅ ሥራ ያስተምሩን የነበሩ አንድ ሽማግሌ መምህር ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ በልጅነታቸው ተገዝቶላቸው ሳይሠሩት የቀረውን ይህን ካርቶን ሰጡኝ። ዕድሜው የአባቴን ይበልጣል።

አሮጌ ካርቶን መክፈት የራሱ ጣጣ አለው። የመኪናዋ ጣራ ተጣሞ ነበር። ጎማዎቹ ከለስላሳ ቪኒል የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ የሚያለሰልሳቸው ቅባት በረዥሙ ዘመን ወጥቶ የነካውን ፕላስቲክ አቅልጦታል፤ ሦስቱ ከቸርኬው ጋር ተጣብቀው፣ አራተኛው ጭራሽ አልነበረም። ማጣበቂያውም በቱቦው ውስጥ እንደ ድንጋይ ደርቋል።

ጣራውን ያቀናሁት በሙቅ ውሃ ነው። ፖሊስታይሪን መለስለስ የሚጀምረው ወደ 100 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ እንደ እኛ ከፍ ባለ አገር ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል። ስለዚህ ድስቱን ከእሳት አውርጄ አካሉን ጥቂት ነክሬ፣ በጣቴ ቀስ እያልሁ እየገፋሁ፣ ሲቀና ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ አጠነከርሁት። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ እኔ ስድስት ጊዜ ደጋግሜአለሁ። ድስቱ የእናቴ ነው፤ ይህን ግን ዛሬ ነው የሚሰሙት።

የሞዴል ማጣበቂያ እንደ ሙጫ በመካከል ገብቶ የሚይዝ አይደለም፤ የሁለቱንም ወገን ፕላስቲክ ጥቂት አቅልጦ አንድ ያደርገዋል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ከጋራዥ ቀለም የሚያቀጥኑበትን ቲነር ጥቂት ለምኜ በቀጭን ብሩሽ ተጠቀምሁበት። ከዘንጉ የተረፈውን ቁርጥራጭ በቲነር ውስጥ አሳድሬ እንደ አጥሚት ሲወፍር፣ ለስንጥቁ መድፈኛ ስቱኮ ሆነልኝ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስሁ አለሰለስሁት። ይህን የሚሞክር ሰው ደጅ ይሥራ። እኔ በተዘጋ ቤት የሠራሁ ዕለት ራሴን ሲፈልጠኝ አድሯል።

በቀለሙ ግን ተሳሳትሁ። ቲነር ያለበትን የመኪና ቀለም በቀጥታ ብቀባው የግራውን በር በላው፤ ፊቱ እንደ ፈንጣጣ ሆነ። በቁርጥራጭ ላይ ሳልሞክር መቀባቴ ስንፍና ነበር። እንደገና ሞርጄ፣ እንደገና ደፍኜ፣ በአኳራጅ የቀጠነ የዘይት ቀለም ብቀባው ፕላስቲኩን ሳይነካ ያዘ። ሦስት ጊዜ ስስ ስስ አድርጌ፣ በየመካከሉ አንድ አንድ ቀን አቆይቼአለሁ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ በነፋስ ስለምትቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም። በካርቶኑ ውስጥ ያልነበሩትን የአራቱን ካንዴላ ሽቦዎች ከመብራት ገመድ ፈትዬ ገጠምሁላት።

ጎማ ግን ቢሞከር ቢሞከር እምቢ አለኝ። ከበረባሶ በምላጭ ብቆርጠው ሞላላ ይሆናል። ብዙ ቀን ካሰብሁ በኋላ አንድ ዓርብ መኪናዋን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ ገበያው ዳር ሄድሁ። እርሱ ወናፍ ይነፋ ነበር። ወዲያው አወቀኝ። ምንም ሳይለኝ መኪናዋን ተቀብሎ ገለበጣትና «ጎማው ስንት ይሁን?» አለኝ። «27 ሚሊ ሜትር» አልሁት። ቀጥሎ የፊቱን እግር በጣቱ ገፋ አድርጎ ሳቀ።

«ይህች መኪና አትታጠፍም እኮ» አለኝ።

እውነት ነው። ፋብሪካው የፊት እግሮቿን ቀጥ አድርጎ ነበር የሠራቸው፤ እኔም በዚያ ሁሉ ወራት አላየሁትም። «ያን ጊዜ ስላልሁህ ነገር…» ብዬ ብጀምር፣ «በፊት ጎማውን እንጨርስ» ብሎ አቋረጠኝ።

በአራት ዓርብ ጨረስን። በረባሶውን በሚስማር ወግቶ፣ ሚስማሩን እያሽከረከረ በሞረድ ክብ አደረገው፤ አራቱም እኩል ናቸው። የሚታጠፈውን ነገር ከጃንጥላ ሽቦ አውጥቶ፣ በልጅነቱ እንደሚያደርገው ሁለቱን እግሮች በአንድ ዘንግ አያያዛቸው። ጎማው እንግዲህ አልቋል፤ ያን ሌላውን ነገር ግን እስከ ዛሬ አላነሣነውም። በእናንተ ሁሉ ፊት ያነሣሁት፣ የተሳደብሁትም በብዙ ሰው ፊት ስለ ሆነ ነው። ታናሽ እኅት አለችው፤ በመጪው ዓመት ወደዚህ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ትገባለች።

አባቴ ባለፈው ሳምንት መነጽራቸውን አድርገው መኪናዋን ከላይ እስከ ታች ከተመለከቱ በኋላ «ፍሬኑስ የታል?» አሉኝ። ፍሬን የላትም። ወደፊት እናስብበታለን።

መኪናዋ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፤ ካርዱም አብሮ አለ። ከሥሯ ያለችውን ሽቦ ወደ ቀኝ ብትገፉ የፊት እግሮቿ ወደ ቀኝ ይዞራሉ፤ መንካት ይፈቀዳል። የኋላውን ፓራውልት ብቻ እባካችሁ አትያዙት፤ ትናንት ማታ ያጣበቅሁት ስለ ሆነ ገና አልጠነከረም። ስለ ጎማው መጠየቅ የምትፈልጉ ደግሞ እኔን ሳይሆን እርሱን ዓርብ በገበያው ዳር ታገኙታላችሁ፤ ከሰዓት በፊት ማረሻ ስለሚበዛበት ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል።