የኦሪት የብድር ሕግና የገበሬው በሬ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በጉለሌ የሚገኘው ቀጨኔ በሸክላ ሠሪ ሴቶቹና በሸማኔዎቹ የታወቀ ሠፈር ነው። ከነዋሪዎቹ መካከል የዘር ሐረጋቸውን ከቤተ እስራኤል ጋር የሚያያይዙ ይገኛሉ። የቤተ እስራኤል እምነት መሠረት በግዕዝ የተጻፈው ኦሪት ነው። ኦሪት ስለ ብድር የሚደነግገው ቃል የሸማኔውንም የገበሬውንም ቤት ይመለከታል።

ኦሪት ለተቸገረ ወገን ያበደረ ሰው ወለድ እንዳይቀበል ያዛል (ዘጸ. 22፥25፤ ዘሌ. 25፥35-37)። ክልከላው ለገንዘብ ብቻ ሳይሆን ለእህልም ነው፤ ከባዕድ ግን መቀበልን ይፈቅዳል (ዘዳ. 23፥19-20)። ወለድ በዕብራይስጥ «ነሼኽ» ሲባል ትርጉሙ ንክሻ ነው፤ ከአማርኛው «ነከሰ» ጋርም ይዛመዳል። ወፍጮን በመያዣ መውሰድም ክልክል ነው፤ ነፍስን እንደ መያዝ ይቆጠራልና (ዘዳ. 24፥6)። ለኢትዮጵያ ገበሬ እንዲህ ያለው ንብረት የእርሻ በሬው ነው።

ሆኖም ክልከላ ብቻውን አበዳሪ አያስገኝም። በኦሪት ሕግ ዕዳ በየሰባት ዓመቱ ስለሚሰረዝ፣ ዓመቱ ሲቃረብ ባለገንዘቦች ማበደር ይሸሹ ነበር። ስለዚህ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት ገናና የነበረው ሊቅ ሂሌል፣ ዕዳው በፍርድ ቤት በኩል እንዲሰበሰብ የሚያስችል «ፕሮዝቡል» የተባለ ሰነድ ደነገገ። ኋላ የተነሡ መምህራንም ገንዘብ ሰጪው በትርፍም በኪሳራም የሚካፈልበትን «ሄተር ኢስካ» የተባለ ውል አበጁ።

በኢትዮጵያም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አራጣን ያስቀጣል። ነገር ግን ማዳበሪያና ዘር በሚገዛበት ወቅት እጁ ባዶ የሆነ ገበሬ ሌላ በር ካላገኘ የአራጣ አበዳሪውን ደጅ ይጠናል፤ ወይም ያልታጨደ ሰብሉን በርካሽ ያስይዛል።

ያን ሌላ በር የሚከፍተው የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አባሉ የሚከፍለው ወለድ የማኅበሩን ወጪ ሸፍኖ የሚተርፈው ለአባላቱ ይውላል። ይህ የሚሆነው ግን ብድሩ ከዘር በፊት ሲደርስ፣ ተበዳሪውም በቃሉ ሲገኝ ነው፤ ያልተመለሰ ብድር የጎረቤት ቁጠባ ነውና። በሃይማኖቱ ወለድ ለማይቀበል አባልም ትርፍና ኪሳራ የመጋራት ውል ሊዘጋጅለት ይገባል። ዝናብ ቀርቶ ሰብል ሲጠፋ ደግሞ የመክፈያው ጊዜ ይራዘም፤ በሬው ከተሸጠ የሚቀጥለው ዓመት ብድርም ከምን ይከፈላል?

መልካም የምሥረታ በዓል!