የኩባንያ አይሮፕላንና ሄሊኮፕተር አብራሪ ሥራ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን በር ወጥተን ወደየዕጣችን ልንሄድ ነው። «ወደ ፊት ምን ትሆናላችሁ?» ተብለን ስንጠየቅ ከመካከላችን ጥቂት የማይባሉት «አብራሪ» ብለው ይመልሳሉ። ብዙውን ጊዜ የሚታያቸው ትልቁ የመንገደኞች አይሮፕላን፣ ባለ ወርቅ መስመሩ ልብስና የባሕር ማዶው ጉዞ ነው። ዛሬ ግን ልንናገር የወደድነው ስለ ሌላው አብራሪ ነው። ይኸውም በአንድ ኩባንያ ተቀጥሮ ባለቤቶቹንና ሹማምንቱን በኩባንያው በራሱ አይሮፕላንና ሄሊኮፕተር የሚያመላልሰው ሰው ነው። ይህን ሥራ የመረጥነው ስሙ ብዙ ሳይጠራ ኃላፊነቱ የከበደ ስለ ሆነና ለእኛ ለወጣቶች የሚያስተምረን ቁም ነገር ስላለው ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የራይት ወንድማማቾች በሞተር ኃይል ለመጀመሪያ ጊዜ የበረሩት ታኅሣሥ ወር 1903 ነበር፤ ያች የመጀመሪያዋ በረራ 12 ሴኮንድ ብቻ ቆየች፤ የተጓዘችውም 36 ሜትር ያህል ነው። ወደ አገራችን አይሮፕላን የገባው በ1929 ሲሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት አስፋው አሊና ሚሽካ ባቢቼፍ የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ተቋቁሞ በ1946 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ አደረገ። በ2010 ደግሞ እኅታችን ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በዚሁ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆኑ። ስለዚህ ይህ ንግግር ለወንዶች ብቻ አይደለም።

ሄሊኮፕተርን ብንጠይቅ፣ በኪየቭ የተወለደው ኢጎር ሲኮርስኪ በአሜሪካ አገር ቪ.ኤስ. 300 የተባለችውን መኪናውን በመስከረም 1939 በገመድ እንደ ታሰረች ከመሬት አነሣት። ለኩባንያዎች መገልገያ ከተሠሩት ትናንሽ ጄቶች አንዱ የሆነው ሊርጄትም በጥቅምት 1963 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ከዚህ ወዲህ የኩባንያ አብራሪነት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ተስፋፋ። ዛሬ ለምሳሌ በብራዚል በሳኦ ፓውሎ ከተማ የመንገዱ መጨናነቅ ያስቸገራቸው ነጋዴዎች ከሕንፃ ጣራ ላይ በሄሊኮፕተር ተነሥተው ይሄዳሉ።

የሥራው ጠባይ እንዴት ነው? የአየር መንገድ አብራሪ የጊዜ ሰሌዳ አለው፤ ለኩባንያ አብራሪ ግን ሰሌዳው የአሠሪው ቀጠሮ ነው። ስብሰባው በቀትር ካለቀ በቀትር፣ በእኩለ ሌሊት ካለቀም በእኩለ ሌሊት ይነሣል። በትልቅ አየር መንገድ የአየሩን ሁኔታ የሚያጠና፣ ነዳጁን የሚያሰላ፣ ሻንጣውን የሚጭን ልዩ ልዩ ሠራተኛ አለ። በትንሽ ኩባንያ ዘንድ ግን ብዙውን ጊዜ አብራሪው ራሱ የአየሩን ወሬ ይጠይቃል፤ የሚያልፍባቸውን አገሮች ፈቃድ ያስወጣል፤ ሻንጣ ያነሣል፤ ቡና ያዘጋጃል፤ መንገደኞቹም ሲወርዱ ወንበሩን ይጠርጋል። ከዚያም እነርሱ በከተማ ሲውሉ እርሱ በአይሮፕላኑ ማረፊያ ሲጠብቅ ይውላል። እንግዲህ ሥራን የሚንቅ ሰው ለዚህ ሙያ አይሆንም።

በአንዳንድ ኩባንያ ያው አንዱ ሰው ሁለቱንም ያበራል። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። የአይሮፕላን ክንፍ የሚያነሣው ወደ ፊት እየሮጠ አየሩን ሲሰነጥቅ ነው፤ ሄሊኮፕተር ግን ክንፎቹን በራሱ ላይ ስለሚያሽከረክር በአንድ ቦታ ቆሞ መንሳፈፍ ይችላል። የአይሮፕላን አዛዥ በግራ ወንበር ተቀምጦ በግራ እጁ መሪውን፣ በቀኙ የሞተሩን ኃይል ይይዛል። በአብዛኛው ሄሊኮፕተር ግን አዛዡ በቀኝ ወንበር ተቀምጦ በቀኝ እጁ የአቅጣጫውን ዘንግ፣ በግራው የመነሻውንና የመውረጃውን ዘንግ ይይዛል፤ በእግሮቹም የጅራቱን ተሽከርካሪ ይቈጣጠራል። የሄሊኮፕተር ሞተር ቢጠፋ አብራሪው ወዲያው የግራውን ዘንግ ዝቅ ማድረግ አለበት፤ ያን ጊዜ ከታች የሚመጣው ነፋስ ተሽከርካሪውን እያዞረው በደኅና ለመውረድ ይቻላል። ጥቂት ሴኮንድ ቢዘገይ ግን ተሽከርካሪው ይደክማል። እንግዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሰው እጁንም ልማዱንም አብሮ መለወጥ አለበት።

ለዚህም ረጅም ትምህርት ያስፈልጋል። በዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ለደመወዝ የሚያበር ሰው ዕድሜው ቢያንስ 18 ዓመት መሆን አለበት። ለአይሮፕላን 200 ሰዓት፣ በታወቀ ትምህርት ቤት በተከታታይ ከተማረ 150 ሰዓት መብረር ይገባዋል፤ ለሄሊኮፕተር ደግሞ 150 ወይም 100 ሰዓት። ለከፍተኛው የአይሮፕላን አብራሪ ፈቃድ 21 ዓመትና 1,500 ሰዓት ይጠየቃል። የሐኪም ምርመራም በየጊዜው ይደረግበታል። በትምህርት ቤት የምናጠናው ፊዚክስም ከንቱ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው የቦሌ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ አይሮፕላን ከመነሣቱ በፊት በባሕር ዳርቻ ካለ ማረፊያ ይልቅ ረጅም ርቀት ይሮጣል፤ ሄሊኮፕተርም ሊሸከም የሚችለው ይቀንሳል። ይህን ሳያሰላ የሚነሣ ሰው ሕይወትን በዕጣ ያቀርባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ሁለት አደጋዎችን እንጥቀስ።

በግንቦት 2014 በአሜሪካ በቤድፎርድ ከተማ አንድ የግል ገልፍስትሪም 4 ጄት በሌሊት ሊነሣ ሲሮጥ ሳይነሣ ቀርቶ ከመንገዱ ወጥቶ ተቃጠለ፤ 7 ሰዎችም ሞቱ። አብራሪዎቹ ለብዙ ዓመታት አብረው የበረሩ ሊቃውንት ነበሩ። ነገር ግን አይሮፕላኑ በቆመበት ነፋስ መሪዎቹን እንዳያናውጥ የሚቆልፈውን መሣሪያ ሳይፈቱ ተነሡ። መርማሪዎቹ የአይሮፕላኑን መዝገብ ባዩ ጊዜ፣ ከዚያ በፊት ከተደረጉት 175 መነሣቶች ከመቶ 98ቱ የመሪዎቹ ፍተሻ በሙሉ ሳይደረግ የተፈጸሙ ሆነው ተገኙ። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ አይደለምን? ፍተሻው የአንድ አፍታ ሥራ ነበር፤ የሚያያቸው ስላልነበረ ተዉት።

ሁለተኛው በጥር 2020 በካሊፎርኒያ በካላባሳስ የደረሰው ነው። ሲኮርስኪ ኤስ 76 የተባለ ሄሊኮፕተር የታወቀውን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኮቢ ብራያንትን ይዞ ሲሄድ ከኮረብታ ጋር ተጋጭቶ በውስጡ የነበሩት 9 ሰዎች ሁሉ አለቁ። አብራሪው ምድርን እያየ መብረር ሲገባው ወደ ደመና ገባ። በደመና ውስጥ የሰው ጆሮ ሚዛን ያታልላል፤ ሄሊኮፕተሩ ወደ ታች ሲወርድ እርሱ ለመቆጣጠሪያው «ወደ ላይ እየወጣሁ ነው» አለ። መርማሪው ቦርድ አጥብቆ ቢመረምርም ተሳፋሪውም ሆነ ኩባንያው እንዳስገደዱት የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ይልቁንም አብራሪው ደንበኛውን ላለማሳፈር በራሱ ላይ የጫነው ግዴታ ለአደጋው ምክንያት ሳይሆን እንዳልቀረ ፈረደ።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ይህ ነገር በአገራችን ስም አለው፤ ይሉኝታ ይባላል። እኛ ታላቅን አክብረን፣ አሠሪን ታዘን እንድንኖር ተምረናል፤ ይህም መልካም ትምህርት ነው፤ አንጥለውም። ነገር ግን የኩባንያ አብራሪ ደመወዙን የሚከፍለው ሰው ከጀርባው ተቀምጦ «ቀጠሮዬ ያልፋል» ሲለው፣ ባርኔጣውን አንሥቶ «ጌታዬ፣ ዛሬ አንበርም» ለማለት መቻል አለበት። ይህ ድፍረት እንጂ ብልግና አይደለም። እውነተኛው አክብሮት የጌታን ቀጠሮ ማስፈጸም ብቻ ሳይሆን ጌታን በደኅና ወደ ቤቱ መመለስ ነው። እንዲህ ያለውን «አይሆንም» ግን ሰው በአንድ ቀን በሰማይ ላይ አይማረውም፤ ከቤቱና ከትምህርት ቤቱ ይዞት ይመጣል። ስለዚህ ልጃችሁ በትሕትና «ይህ ልክ አይደለም» ባላችሁ ጊዜ ምክንያቱን ሳትሰሙ ዝም እንዳታሰኙት እንለምናችኋለን። መምህሮቻችንም የተሳሳተ ሒሳብ በሰሌዳው ላይ ስናይ እጃችንን እንድናነሣ ስለፈቀዳችሁልን እናመሰግናችኋለን።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ከእኛ አብራሪ የሚሆነው ጥቂት ሊሆን ይችላል። ሐኪም የሚሆነው ግን መድኃኒቱን ከመስጠቱ በፊት ስሙን ያነባል፤ መሐንዲስ የሚሆነው ሲሚንቶው ሳይደርቅ «ድልድዩ ይመረቅ» ሲባል እንቢ ይላል፤ ሒሳብ ሹም የሚሆነው ያላየውን ወረቀት አይፈርምም። ሁላችንም ሰዎች አምነው ከኋላችን ይቀመጣሉ።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እንመኛለን። እግዚአብሔር መምህሮቻችንንና ወላጆቻችንን ይባርክልን።