ትንሿ ላፕቶፕ ከቤት ዋይፋይ ጋር አልገናኝ ስትል
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ጉዳዬ ትንሽ ይመስላል፤ እኔን ግን ሊያከስረኝ ምንም አልቀረውም ነበርና የደረሰብኝን እንዳለ ልንገራችሁ።

እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ስክሪናቸው ከ7 እስከ 10 ኢንች የሆነ ትንንሽ ላፕቶፖች በብዛት ወጥተው ነበር። እኔም ከእኅቴ ያገኘኋት አንዲት አለችኝ፤ ልጄ ይማርባታል። ታዲያ ሞደማችን በአዲስ በተለወጠ ማግሥት አልገናኝም አለች። የዋይፋያችንን ስም ታያለች፤ የይለፍ ቃሉን ስንሰጣት ግን ትሞክር ትሞክርና ትተወዋለች። ጥገና ቤት ወሰድኳት። «ካርዷ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ» ተባልኩ። የሌላውን ዋጋ ሰምቼ አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ።

የልጄ ፈተና ስለ ደረሰ ጨነቀኝና የሞደሙን መቆለፊያ ጨርሼ አነሣሁት። ወዲያው ተገናኘች! ደስታዬ ግን ሳምንትም አልቆየ። ማታ ማታ አጥሬ ሥር የስልክ ብርሃን በዛ፤ ኢንተርኔቱም ይጎተት ጀመር። ወጣቶቹን አልወቅስም፤ በሩን የከፈትኩት እኔው ነኝ። በኋላ አንድ የጎረቤት ልጅ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ሰው በርስዎ መሥመር ገብቶ ጥፋት ቢሠራ መጀመሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት» ሲለኝ ደነገጥኩ። ቀጥሎም፣ «ደግሞስ መቆለፊያው ሲነሣ ከተገናኘች ካርዷ እንዴት ሞተ ይባላል?» አለኝ። እውነቱን ነው! ካርዷ ደኅና ነው፤ ያልተግባቡት በመቆለፊያው ነው ማለት ነው።

የዋይፋይ መቆለፊያ በየጊዜው ተሻሽሏል። የመጀመሪያው ዌፕ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ፤ በ2001 ተመራማሪዎች ደካማነቱን አጋለጡ። ከዚያ በ2003 ደብልዩ ፒ ኤ፣ በ2004 ደብልዩ ፒ ኤ 2፣ በ2018 ደግሞ ደብልዩ ፒ ኤ 3 መጡ። የኛ አዲስ ሞደም 3ን ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ነበር፤ ዊንዶውስ 7 የተጫነባት ላፕቶፓችን ግን ከ2 አታልፍም። ስለሆነም በሞደሙ ማስተካከያ ገጽ ላይ 2ንና 3ን አንድ ላይ የሚቀበለውን መረጥን፤ አዲስ የይለፍ ቃል ሰጠን፤ ላፕቶፗ ያስቀመጠችውን የድሮ ግንኙነት አጥፍተን እንደገና አስገባናት። ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ አንድ ብርም አልወጣ።

እናንተም እንዲህ ቢገጥማችሁ፣ ከመግዛታችሁም ሆነ መቆለፊያ ከማንሣታችሁ በፊት በቅደም ተከተል ይህን ተመልከቱ፦

1ኛ/ የላፕቶፗ ዋይፋይ መብራቱን አረጋግጡ። በጎኗ ትንሽ ማብሪያ ወይም ከላይ ባሉት ቁልፎች ላይ የአንቴና ሥዕል ይኖራል፤ ሳይታወቅ ይጠፋል።

2ኛ/ የዋይፋዩ ስም ጨርሶ ካልታየ፣ ሞደሙ የሚያሠራጨው በ5 ጊጋኸርትዝ ብቻ እንዳይሆን። ብዙዎቹ የቆዩ ትንንሽ ላፕቶፖች የሚያዩት 2.4ን ብቻ ነው። ቻናሉም 12 ወይም 13 ከሆነ አንዳንዶቹ አያዩትምና ወደ 1፣ 6 ወይም 11 ለውጡት።

3ኛ/ ስሙ ታይቶ የይለፍ ቃሉን እምቢ ካለች፣ የምትጽፉት እንዲታይ አድርጋችሁ ጻፉ። ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያያል። ኪቦርዱ በአማርኛ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በትንንሾቹ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ የቁጥር መቆለፊያው በርቶ ከሆነ «ጄ» ስትጫኑ 1፣ «ዩ» ስትጫኑ 4 ይጻፋል፤ እናንተ ግን ነጠብጣብ ብቻ ስለምታዩ ትክክል የጻፋችሁ ይመስላችኋል።

4ኛ/ ቃሉ ትክክል ሆኖ አሁንም እምቢ ካለች፣ እንደ እኔ የመቆለፊያውን ዓይነት አስማሙ።

5ኛ/ ተገናኝታ ገጽ ካልከፈተች፣ አድራሻዋን እዩ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ሞደሙ አድራሻ አልሰጣትምና ሁለቱንም አጥፍታችሁ አብሩ። ቀኑንና ሰዓቱንም ተመልከቱ፤ የውስጥ ባትሪዋ ያለቀ ላፕቶፕ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ትመለስና ድረ ገጾች አያምኗትም።

ላፕቶፗ ከዌፕ በላይ የማታውቅ ብትሆንስ? ለእሷ ሲባል የቤቱን ሁሉ መቆለፊያ አታውርዱ፤ በኔትወርክ ገመድ ከሞደሙ ጋር አገናኟት። እንዲሁም ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 7ን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ስላቆመ፣ በእንዲህ ያለች ላፕቶፕ የባንክ ሥራ አትሥሩባት። ለጥናትና ለንባብ ግን ገና ታገለግላለች።

በመጨረሻም፣ ያወቀ ላላወቀ ያሳይ እላለሁ። የተቸገረ ጎረቤት ካለ ላፕቶፑን ይዞ ወደኔ ቤት ይምጣ፤ ያ ልጅም ሊረዳ ፈቃደኛ ነው። የይለፍ ቃላችሁን ግን አደራ፣ እዚህ ሰሌዳ ላይ እንዳትለጥፉት!