ካርታና የማምለጫ መንገድ



በዚህ በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ፥ ጂኦግራፊና ሒሳብ ተባብረው የሰውን ሕይወት ስለሚያድኑበት አንድ ሥራ ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን።

በጃፓን አገር በኢሺኖማኪ ከተማ ኦካዋ የሚባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ማርች 11 ቀን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። ልጆቹ ሃምሳ ደቂቃ ያህል በግቢው ውስጥ ቈዩ፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኮረብታ ነበረ። በመጨረሻ ጕዞ ሲጀምሩ የባሕሩ ማዕበል ደረሰባቸው። ከ108 ተማሪዎች 74ቱ ሞቱ ወይም ጠፍተው ቀሩ። የሰንዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2018 በሰጠው ፍርድ፥ የመሸሻው ቦታና መንገዱ አስቀድሞ ተለይቶ አለመወሰኑን እንደ ጥፋት ቈጠረው።

ታዲያ አስቀድሞ መወሰን የሚቻለው እንዴት ነው? በመጀመሪያ የእግር መንገዶች ሁሉ ከካርታ ላይ ይለቀማሉ። መንገዶች የሚገናኙበት ሥፍራ ነጥብ፥ ከነጥብ እስከ ነጥብ ያለው መንገድ መሥመር ይሆናል። በየመሥመሩም የሚፈጀው ጊዜ ይጻፍበታል። ሰው በሰከንድ 1 ሜትር ቢራመድ 600 ሜትሩን በ10 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ዳገትና ደረጃ ግን ያዘገዩታል። ጠባብ መንገድም ሕዝብ ሲበዛበት ስለሚጨናነቅ ስፋቱ ጭምር ይመዘገባል። ከዚህ በኋላ ዳይክስትራ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በ1959 ባሳተመው የስሌት ዘዴ፥ ፈጥኖ የሚያደርሰው መንገድ ይገኛል። ስሌቱ ከመሸሻው ቦታ ተነሥቶ ወደ ኋላ ከተሠራ፥ ከየቤቱ እስከዚያ ያለው ደቂቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታወቃል።

ነገር ግን ስሌቱ ካርታው የማያውቀውን አያውቅም። ብዙ ካርታ በይበልጥ የሚያሳየው የመኪና መንገድ ነው። በሁለት አጥር መካከል የምታሳልፍ ቀጭን መንገድ ካልተጻፈች፥ ስሌቱ የቅርቡን ሰው በሩቅ ያዞረዋል። ሁለት መሥመሮችም በካርታ ላይ ሲተላለፉ የተገናኙ ይመስላሉ፤ በእውነቱ ግን አንዱ በድልድይ ላይ፥ ሌላው ከሥሩ ያልፍ ይሆናል። ስለዚህ በወረቀት የተገኘውን መንገድ በእግር ሄዶ ማረጋገጥ የግድ ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፥ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ተነሥቷል። ዛሬ ማንም ሰው የሰፈሩን መንገድ ሊጨምርበት የሚችል፥ ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባል የጋራ ካርታ አለ።

ጓደኞቻችን ሆይ! በየቀኑ በእግራችን የምንመላለስ እኛ አቋራጩን ሁሉ እናውቃለን፤ እንለካው፥ እንመዝግበው። እናንተም ወላጆቻችን፥ ክረምት ሲገባ የትኛው መሻገሪያ እንደሚሞላ ንገሩን፤ ይህን የሚያውቅ ከእናንተ በቀር የለምና።