እንግዳውና መንገድ መሪው
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር



 የምንናገረው እኛ አምስት ተማሪዎች በዚህ ዓመት ስለ ሠራነው አንድ ሥራ ነው። ሥራው የእጅ ስልክ መተግበሪያ ነው፤ ይኸውም ወደ ጎንደርና ወደ ስሜን ተራሮች የሚመጣውን መንገደኛ ከአገሩ መንገድ መሪ፥ ማለት ከአስጎብኚው ጋራ የሚያገናኝ ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ስለ ብልኀታችን አይደለም። የት የት እንደ ተሳሳትንና ማን እንዳረመን ነው፤ ከተሳካልን ይልቅ ከሳትነው ብዙ ተምረናልና።

አሳቡ የተነሣው እንዲህ ነው። በጎንደር የተወለደ ልጅ በፋሲል ግንብ ጥላ ሥር እየተጫወተ ያድጋል። የፋሲል ግቢ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1979፥ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ግንቡን ለማየት፥ ከስሜንና ከአካባቢው በቀር በዓለም ላይ በዱር የማይገኘውን ዋልያን ለመመልከት፥ በጥምቀትም በፋሲል መዋኛ ዘንድ ለመቆም ሰው ከሩቅ ይመጣ ነበር። ስለዚህ በከተማችን በአስጎብኚነት የሚተዳደር ቤተ ሰብ ብዙ ነው፤ ከእኛም ከአምስቱ የሁለታችን አባቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ ሥራ ነው።

ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በተነሣው ጦርነት፥ ከዚያም በኋላ በክልላችን በደረሰው ችግር ምክንያት የእንግዳው ቍጥር እጅግ ቀነሰ። የሚመጣውም ጥቂት ሰው ማንን አምኖ መከተል እንዳለበት አያውቅም። አስጎብኚው በግንቡ በር ቆሞ ይውላል፤ እንግዳው በሆቴሉ ተቀምጦ ይውላል፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እኛም ይህን አጭር መንገድ በስልክ እናሳጥረዋለን ብለን ተነሣን።

መተግበሪያውን የጻፍነው ፍላተር በሚባለው መሣሪያ፥ በዳርት ቋንቋ ነው። የትምህርት ቤቱን ኮምፒዩተሮች ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየተቀባበልን፥ መብራት ሲጠፋም በወረቀት ላይ እየነደፍን በአራት ወር ጨረስነው። ጨረስነው ስንል መጨረሳችን መስሎን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ያን ጊዜ አላስታወስነውም።

በመጀመሪያ የሰዓቱን ነገር እንንገራችሁ። ለሙከራ ያህል ከመምህሮቻችን አንዱ እንደ እንግዳ ሆነው አስጎብኚ እንዲጠሩ ለመንናቸው። እርሳቸውም በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር 8 ብለው ጻፉ፤ ይህም በእኛ ከጧቱ 2 ሰዓት መሆኑ ነው። መልእክቱ ግን ሳይለወጥ 8 ሰዓት ተብሎ ለአስጎብኚው ደረሰ። መምህራችን በጧት በግንቡ በር ቆመው ጠብቀው ጠብቀው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ አስጎብኚውም ምሳውን በልቶ፥ ጫማውን አስጠርጎ፥ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ከስፍራው ደረሰ። ሁለቱም ቀጠሮ አክባሪዎች ነበሩ፤ ያጣላቸው የእኛ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ መተግበሪያው ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን ያሳያል። ስለ ቀኑም እንዲሁ ነው። ከውጭ የወሰድነው የቀን ሠንጠረዥ 12 ወር ብቻ ስለ ነበረው፥ ጳጉሜን 3 ቀን ሥራ አልይዝም ብሎ ማስመዝገብ የፈለገ አስጎብኚ ቦታ አጣ። ዐሥራ ሦስተኛዋን ወር፥ በየአራት ዓመቱም የምትጨመረውን ስድስተኛ ቀኗን፥ እኛው በእጃችን ጽፈን አስገባናት።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው። በመመዝገቢያው ላይ የውጭውን ምሳሌ በመከተል ለቤተ ሰብ ስም አንድ ቦታ ሰጥተን ነበር፤ አስጎብኚዎቹም የአባታቸውን ስም ጻፉበት። እንግዳው ይህን አይቶ አስጎብኚውን በአባቱ ስም ጠራው። ሰውዬውም እየሳቀ፥ «አባቴ ካረፈ ዐሥር ዓመቱ ነው፤ እናንተ ልጆች ግን ከመቃብሩ ጠርታችሁ ደባርቅ ልታወጡት ነው» አለን። አሁን የሚጻፈው ሰውዬው ራሱ ልጠራበት ብሎ የመረጠው ስም ብቻ ነው።

ሦስተኛው የኢንተርኔት ነገር ነው። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወደ ተራራው ሲወጡ ስልክ በብዙ ስፍራ አይሠራም። በከተማም ቢሆን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቈየቱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ካርታውና የአስጎብኚዎቹ ዝርዝር በእንግዳው ስልክ ውስጥ አስቀድሞ እንዲቀመጥ አደረግን፤ ጥሪውም በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲሄድ አንድ አሮጌ ስልክ በኮምፒዩተር ክፍላችን ውስጥ መልእክት አቀባይ አድርገን ተከልን። በዚህም አዲስ ነገር ተማርን። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። የእንግዶቹን ቍጥር፥ ቋንቋቸውን፥ ቀኑን፥ ሰዓቱንና ስፍራውን በ70 ፊደል ውስጥ ለማግባት እንደ ቅኔ ቤት ተማሪ ስንቈጥርና ስንፍቅ አመሸን።

እነዚህ ሦስቱ ቀላል ስሕተቶች ናቸው፤ በጥቂት ቀን ሥራ ታርመዋል። አራተኛው ግን የሰውን እንጀራ የነካ ስሕተት ነው።

በውጭ አገር መተግበሪያዎች እንዳየነው፥ እኛም እንግዳው ከጉብኝቱ በኋላ ለአስጎብኚው ከ1 እስከ 5 ኮከብ እንዲሰጥ አደረግን። ብዙ ኮከብ ያገኘ ከላይ፥ ጥቂት ያገኘ ከታች ይሰለፋል። በክፍልም ውስጥ ደረጃ የሚወጣው በውጤት ነውና ይህ ለእኛ እውነተኛ ፍርድ መሰለን። በሙከራው ወራት እንግሊዝኛው የጠራ፥ ፎቶግራፉም ያማረ አንድ ወጣት አስጎብኚ የመጀመሪያዎቹን እንግዶች አገኘ፤ እነርሱም 5 ኮከብ ሰጡት። ኮከብ ስላገኘ ከላይ ወጣ፤ ከላይ ስለ ወጣም ቀጥሎ የመጣው እንግዳ እርሱኑ መረጠ። ልጁ ምንም በደል አልሠራም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን የመጣው እንግዳ ሁሉ ማለት ይቻላል የእርሱ ሆኖ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት አስጎብኚ ወደ ኮምፒዩተር ክፍላችን መጡ። እኒህ ሰው እኛ ሳንወለድ ጀምረው ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንግዳ ያስገቡ የነበሩ ናቸው። ከጣራው ላይ ቍልቍል የሚመለከቱትን መላእክት አንድ በአንድ ያውቋቸዋል፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1888 ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ያንን ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ ጠበቀው የሚለውን ታሪክ ሲያወሩ የሰማ ሰው ንቡን በጆሮው የሰማ ይመስለዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡና፥ «ልጆቼ፤ እኔ ስንት ኮከብ ነኝ?» ብለው ጠየቁን።

ማናችንም አልመለስንም። ምንም ኮከብ አልነበራቸውም። ኮከብ ለማግኘት እንግዳ ያስፈልጋል፤ በእኛ ሥራ ደግሞ እንግዳ ለማግኘት ኮከብ ያስፈልግ ነበር።

እርሳቸውም ሳይቈጡ እንዲህ ሲሉ አስረዱን፤ «በእኛ ዘንድ ተራ የሚባል ነገር አለ። ዛሬ አንተ፥ ነገ እኔ። የታመመ እንደ ሆነ ተራው ይቈየዋል፤ ለቅሶ ላይ ያለም ተራው ይጠበቅለታል። እንግዳ በጠፋ ጊዜ እንኳ ከመካከላችን አንድ ቤት ጦሙን እንዳያድር ያደረገው ይኸው ተራ ነው። እናንተ ይህን ሳታውቁ ሰበራችሁት።»

በዚያች ማታ እርስ በርሳችን ብዙ ተከራከርን። ከመካከላችን አንዱ፥ «ተራ ሰነፉንም ይሸሽጋል፤ ገንዘቡን የሚከፍል እንግዳ የመምረጥ መብት አለው» አለ። አባቱ አስጎብኚ የሆነው ጓደኛችን ደግሞ፥ «በዚህ ክረምት ደብተር የተገዛልኝ በተራ በተገኘ ገንዘብ ነው» ብሎ ዝም አለ። የሁለቱም ቃል እውነት ስለ ሆነ ልንፈርድ አልቻልንም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ አስጎብኚዎቹ ስብሰባ ሄደን ጉዳዩን በፊታቸው አቀረብን። ከመጀመሪያው ማድረግ የሚገባን ይህንን ነበር።

እዚያ በተስማማንበት መሠረት መተግበሪያው አሁን እንዲህ ይሠራል። እንግዳውን ቋንቋውን፥ ቀኑንና ሊያይ የሚፈልገውን ስፍራ ይጠይቀዋል፤ ይህን ከሚችሉት አስጎብኚዎች መካከል ተራው የደረሰውን ያቀርብለታል። ፈረንሳይኛ ለሚናገር እንግዳ ፈረንሳይኛ የማያውቅ ሰው በተራ ብቻ አይላክም። ኮከቡን አጥፍተነዋል፤ በምትኩ እንግዳው አስተያየቱን በቃል ይጽፋል፥ አስጎብኚውም መልሱን ይጽፋል። ከባድ አቤቱታ የቀረበበት እንደ ሆነ ነገሩን አስጎብኚዎቹ ተሰብስበው ያዩታል፤ ጥፋተኛ የሆነም ተራው ይቀርበታል። ብዙዎቹ የውጭ መተግበሪያዎች ከእያንዳንዱ ጉብኝት ድርሻ ይወስዳሉ፤ በእኛ ግን ክፍያው በእጅ ወይም በቴሌብር ከእንግዳው ወደ አስጎብኚው በቀጥታ ይደርሳል።

በዚያ ስብሰባ ላይ ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረን ግን ሌላ ነገር ነው። በፊተኛው ሥራችን ጥሪ መጥቶለት አይሆንም ያለ አስጎብኚ በዝርዝሩ ላይ ወደ ታች ይወርድ ነበር። እኛ ሰነፍን መቅጣታችን ነበር። አንድ ከስሜን የመጡ ሰው ግን እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «በክረምት ጉም ገደሉን ሲሸፍነው፥ ወይም መንገዱ ሰላም ባልሆነ ቀን፥ እንግዳውን አይሆንም ብል ትቀጡኛላችሁ ማለት ነው?» በቤቱ ዱቄት ያለቀበት ሰው ወደ ታች እንዳይወርድ ፈርቶ እሺ ቢል፥ እርሱንም እንግዳውንም ገደል የምንሰድ እኛ ነበርን። መንገድ መሪ ከሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ የሚበልጠው አይሆንም ማለቱ እንደ ሆነ እስከዚያ ቀን አልገባንም። አሁን አስጎብኚው መንገዱ ዛሬ አይሆንም ብሎ ሲመልስ ምክንያቱ ለእንግዳው ይደርሰዋል፤ የአስጎብኚውም ተራ ሳይነካ ይቈየዋል።

ክቡራን አድማጮቻችን፤ ሥራው አሁንም አልተፈጸመም። አንዳንድ አሮጌ ስልክ ፊደላችንን ማንበብ ስለማይችል ባዶ ሣጥን ብቻ ይደረድራል። አዛውንቱም ባለፈው ወር ተራቸው ደርሶ ከአዲስ አበባ የመጡ ቤተ ሰብ አስጎብኝተው ሲመለሱ በኮምፒዩተር ክፍላችን በኩል አለፉ። ምስጋና ጠብቀን ተነሣን፤ እርሳቸው ግን፥ «ጥሪያችሁ ደርሶኛል፤ ፊደሉ ግን ደቃቅ ነው፤ የልጅ ልጄ ነው ያነበበልኝ» ብለውን ሄዱ። ይህንንም ገና አላስተካከልነውም።

በታሪክ ትምህርታችን ጀምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1770 ጎንደር እንደ ገባና በ1790 የጉዞውን መጽሐፍ በአምስት ቅጽ እንዳሳተመ ተምረናል። የብሩስን ስም በዚህ አዳራሽ ያለ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በቅሎውን እየሳቡ፥ መልካውን እያሻገሩ፥ የትኛው መንገድ እንደሚያደርስና የትኛው እንደሚያጠፋ ከነገሩት የአገራችን ሰዎች መካከል ግን የአንዱን እንኳ ስም የሚነግረን ማን ነው? እኛም በአዲስ መሣሪያ ያንኑ የቈየ ነገር ልንደግመው ጥቂት ቀርቶን ነበር፤ እንግዳው እንዲመች እያሰብን የሚመራውን ሰው ረስተነዋልና።

እናንተ ከእኛ በኋላ የምትመጡ ታናናሾቻችን፤ ይህንን ሥራ ለእናንተ ትተን እንሄዳለን። ኮዱ በኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ መልእክት አቀባዩም ስልክ በመስኮቱ አጠገብ ነው፤ ማታ ማታ ኃይል መሙላቱን አትርሱ። ልታሻሽሉት ስትነሡ ግን አስቀድማችሁ ቅዳሜ ወደ አስጎብኚዎቹ ስብሰባ ሂዱ። ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ አድምጡ፤ ከዚያ በኋላ ጻፉ።

ለመተግበሪያችን እስከ ዛሬ ስም አላወጣንለትም። ስም እንዲያወጡለት አስጎብኚዎቹን ለምነናቸዋል፤ እነርሱም በተራ እያሰቡበት ነው።