ካሳሁን ወይስ ማርከስ? ስለ አንድ የምግብ ባለሙያና ስለ ልጆቻችን

(በሃይፋ ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን ስላያችሁት ስለ ማርከስ ሳሙኤልሰን ነው። ልጆቹ በደንብ ያውቁታል። በአሜሪካ የምግብ ውድድር ላይ ዳኛ ሆኖ የሚቀመጠው፣ ባርኔጣና ደማቅ ልብስ የሚወደው ጥቁር ሼፍ ነው። አንዳንድ እናቶች ግን «ይህ ሰው የማን ልጅ ነው?» ብለው ስለ ጠየቁን ከዚያው እንጀምር። ዓመቶቹን የምንጠራው እዚህ አገር በምንቆጥርበት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ማርከስ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲወለድ ስሙ ካሳሁን ጽጌ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እናቱን፣ እሱንና ታላቅ እህቱን ፋንታዬን፣ ሦስቱንም የሳንባ ነቀርሳ ያዛቸው። እናትየው ታማ ሳለች ሁለቱን ልጆች ይዛ ከገጠር እስከ አዲስ አበባ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሯ ተጓዘች። ልጆቹ ሆስፒታል ገብተው ዳኑ፣ እሷ ግን እዚያው ሞተች። በዚህ አዳራሽ ከጎንደር እስከ ሱዳን በእግራቸው የመጡ፣ በመንገድ የቀበሩም ስላሉ፣ የዚህችን እናት ነገር ማብራራት አያስፈልገንም። ማርከስ የእናቱ ፎቶግራፍ እንኳ የለውም።

አባታቸው በሕይወት የለም ተብሎ ስለ ታሰበ፣ ጎተንበርግ በምትባል የስዊድን የወደብ ከተማ የሚኖሩ ባልና ሚስት፣ ሌናርትና አን ማሪ ሳሙኤልሰን፣ ሁለቱን ልጆች ወስደው በፍቅር አሳደጓቸው። ካሳሁን ማርከስ ተባለ፣ ፋንታዬም ሊንዳ ተባለች።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ስንገባ፣ የብዙዎቻችን ስም በአንድ ጠረጴዛ ፊት ተለውጧል። ማርከስ ስሙ ሲለወጥ ወላጅ አጠገቡ አልነበረውም። የእኛ ልጆች ስም የተለወጠው ግን እናትና አባታቸው አጠገባቸው ቆመው እያለ ነው፤ «ይህ ስም ምን ማለት ነው?» ብሎ የጠየቃቸውም ሰው አልነበረም። ልዩነቱን ልብ በሉት።

ወደ ሙያው እንመለስ። ማርከስን ወጥ ቤት ውስጥ ያስገባችው አያቱ ሄልጋ ናት። ሄልጋ በሰው ቤት ሠራተኛ ሆና የኖረች ሴት ስትሆን፣ ዶሮ መጥበስን፣ ዓሣ በኮምጣጤ ማስቀመጥንና ዳቦ መጋገርን ያስተማረችው አጠገቧ አቁማ ነው። ልጁ በመጀመሪያ የእግር ኳስ ተጫዋች መሆን ነበር የፈለገው፤ ሰውነቱ አነስተኛ ነው ተብሎ ሲቀር ወደ ምግብ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ በስዊዘርላንድ፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ወጥ ቤቶች ከታች ጀምሮ ሠራ። በቆዳው ምክንያት ከበር የመለሱትም እንደ ነበሩ በ2012 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ ጽፏል።

እኛ በዘመቻ ሰሎሞን በመጣንበት ዘመን እሱ ኒው ዮርክ ገባ። አኳቪት በሚባል የስዊድን ምግብ ቤት ውስጥ ገና በ20ዎቹ ዕድሜው የወጥ ቤቱ አለቃ ሆነ፤ በ1995 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ለዚያ ምግብ ቤት ሦስት ኮከብ ሰጠ። ይህ በዚያ ዕድሜ ያለ ሼፍ አግኝቶት የማያውቅ ማዕረግ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ እንለፈው፦ በ2009 በፕሬዚዳንት ኦባማ ዘመን የመጀመሪያውን የዋይት ሐውስ የመንግሥት እራት፣ ለህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ለማንሞሃን ሲንግ የተደረገውን ግብዣ አዘጋጀ። በ2010 በቴሌቪዥን የታላላቅ ሼፎችን ውድድር አሸንፎ ሽልማቱን ለዩኒሴፍ ሰጠ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም ሃርለም ውስጥ ሬድ ሩስተር የተባለውን ምግብ ቤት ከፈተ። በ2023 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ምግብ ቤት ከፍቷል።

ለእኛ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው የስዊድንን ዓሣ በማዘጋጀት ስሙ የተጠራ፣ ነገር ግን በርበሬ እንዴት እንደሚደለዝ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ነበር። ወደ ትውልድ አገሩ የተመለሰው ወደ 30 ዓመት ሲጠጋው ነው። ገበያ ገብቶ ቅመም አሸተተ፣ እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶች አጠገብ እንደ ተማሪ ቆመ። በኋላም ሞቷል የተባለው አባቱ በሕይወት እንዳለ ታውቆ ተገናኙ። በ2006 ስለ አፍሪካ ምግብ ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ፣ ዴዝሞንድ ቱቱ መቅድም የጻፉለት፣ የዚህ ፍለጋ ውጤት ነው። (ዶሮ ወጡን በንጥር ቅቤ ነው የሚሠራው። የእኛ እናቶች በዘይት ይሥሩት፤ ስለ ካሽሩቱ ኃላፊነት አንወስድም!)

አንዳንዶች የእሱን ታሪክ «የሠራ ሁሉ ይደርሳል» ለማለት ይጠቅሱታል። እኛ በዚህ አንስማማም። ከሠራተኝነቱ ጋር ቤት፣ ቋንቋ፣ ትምህርት ቤትና የምታስተምር አያት ነበረችው። ዛሬም በየሆቴሉ ወጥ ቤት ሳህን የሚያጥቡ ወንድሞቻችን ሰነፎች ሆነው አይደለም እዚያ የቀሩት። የሙያ ኮርስና የምስክር ወረቀት የሚያገኙበት መንገድ ይከፈትላቸው ብለን የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

ስለ ልጆቻችንም እንናገር። በ1991 ሆቴል ውስጥ የገቡ ቤተሰቦች በመመገቢያ አዳራሽ ተሰልፈው የማያውቁትን ምግብ ሲበሉ፣ እናቶች ምጣድ ሳይነኩ ከረሙ። በቤቷ አዛዥ የነበረች ሴት ሳህን ይዛ ተራ ጠባቂ ሆነች፣ ልጆቿም ይህንን አዩ። ከዚያ በኋላ ጤፍ በማይገኝበት ጊዜ በስንዴና በሩዝ ዱቄት እንጀራ ጋገሩ። ይህ ትልቅ ሙያ ነው፤ ነገር ግን ማንም እንደ ሙያ አልቆጠረላቸውም። ልጁም ትምህርት ቤት «ይሸታል» ሲባል፣ በማግሥቱ እንጀራውን ቤት ትቶ ዳቦ በቾኮላታ ይዞ ሄደ።

ትምህርት ቤቶች በዓመት አንድ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሲግድ፣ እናቶችን ጠርተው እንጀራ ያስቀምሳሉ፣ ቡና ያስፈላሉ፣ ፎቶግራፍ ያነሣሉ። አንጠላውም። ነገር ግን ሄልጋ ማርከስን በአንድ ቀን አላስተማረችውም። መምህራንን ስናሠለጥን ደጋግመን የምንለው ይህንኑ ነው፦ እናት ወደ ክፍል ስትገባ ለትርኢት ሳይሆን እንደ አስተማሪ ትግባ፣ ተከታታይ ሰዓት ይሰጣት፣ ለሰዓቷም ይከፈላት። ሊጥ ለምን እንደሚቦካ ማስረዳት የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ነው፣ ለ20 እንግዳ ዱቄት ማመጣጠንም ሒሳብ ነው።

ለቤታችንም አንድ ሥራ ይዘን መጥተናል። እያንዳንዱ ልጅ ከእናቱ ወይም ከአያቱ አጠገብ ደብተር ይዞ ይቀመጥ። እናት በአማርኛ ወይም በትግርኛ ትናገር፣ ልጁ በዕብራይስጥ ይጻፍ፤ እኛም ሁለቱን ጎን ለጎን እናትማለን። ከአሁኑ የምናውቀው ችግር መለኪያው ነው። እናቶቻችን «እስኪበቃው» ይላሉ፣ ልጁ ደግሞ «እስኪበቃው ስንት ኩባያ ነው?» ይላል። እንግዲህ እናት እንደ ልማዷ በእጇ ትጨምር፣ ልጁ ከመግባቱ በፊት በኩባያ ይስፈረው።

የመጀመሪያው የሰንበት ዳቦ ይሁን። በነሐሴ ሙቀትና በክረምት ብርድ ሊጡ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለይታችሁ አጽፉ፤ ሃዳር ላይ ከታልፒዮት ገበያ የሚገዛው ዱቄት ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጣም አትርሱ። ደብተሩ ላይ ከልጁ ስም አጠገብ የአያቲቱ ስም ሙሉውን፣ በኢትዮጵያ ስትጠራበት እንደ ነበረው ይጻፍ።