ድርና ማግ፦ ስለ አሮጌ ሙያና አዲስ መሣሪያ

(ሐይቅ፣ በማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ለምን እስካሁን በእንዝርት ትፈትላላችሁ?» የሚል ጥያቄ ደጋግመን እንሰማለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ልማድ ስለያዘን አይደለም።

ጥጡን በመዳመጫ ፈልቅቀን፣ በደጋን ነድፈን፣ ባዘቶ አድርገን እንፈትላለን። ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ ክር ይዘረጋል፤ ማጉን ከእኛ ይገዛል። መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ስለሚያቀብል የሸማው ወርድ ከክንዱ አያልፍም። ሁሉም እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። አንዱን ብቻ ብንለውጥ ችግሩ ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

በእንግሊዝ አገርም የታየው ይኸው ነው። ጆን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1733 በገመድ ተስቦ የሚሮጥ መወርወሪያ ሠራ። አንድ ሸማኔ ብቻውን ሰፊ ጨርቅ ቶሎ ቶሎ መሥራት ቻለ፤ ክር ግን አጠረው። ብዙ ክር በአንድ ጊዜ የሚፈትል መሣሪያ የመጣው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነበር።

ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም ከዚህ አያመልጡም። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የጦር ካሳ ተቋቋመ። እንዲህ ያለ ነባር ፋብሪካ መፍተያውን ቢያድስ የቀድሞው መሸመኛ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። መለዋወጫ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ለእድሳት ሥራ ቢያቆም ደግሞ የሠራተኛው ደመወዝ አይቆምም። አሮጌው ማሽን ዕዳው ተከፍሎ አልቋል፤ አዲሱ ከነዕዳው ይመጣል።

እኛም በአቅማችን ያው ነን። በእግር የሚረገጥ መፍተያ ቢመጣ፣ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? እስክንለምደው ድረስ ልጆቻችን ምን ይበላሉ? የአሥር ሴት ሥራ አንዷ ብትሠራው፣ ዘጠኟ የት ይሄዳሉ? ይህን የምትጠይቅ እናት ኋላ ቀር አይደለችም፤ የቤቷን ሒሳብ ታውቃለች።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ የሚመጣው መሣሪያ የማኅበሩ እንጂ የአንድ ሰው አይሁን፤ ትርፉም ለሁላችን ይከፈል። ሁለተኛ፣ ጥቂት አባላት ጀምረው ይሞክሩት፤ ፈትሉን ሸማኔው ተቀብሎ ሠርቶበት እስኪያይ ድረስ ማንም እንዝርቷን አታስቀምጥ። ሦስተኛ፣ ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ መሣሪያ ስትሰጡን መለዋወጫውን፣ እዚሁ ሐይቅ የሚኖር ጠጋኝ ማሠልጠኛውንና የመለማመጃ ወራቱን ቀለብ አብራችሁ አስቡልን። ይህ ከሌለ መሣሪያው ጥግ ይዞ አቧራ ይጠጣል፤ ከዚያም «ሴቶቹ አልፈለጉትም» ይባላል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ድር ብቻውን ልብስ አይሆንም፣ ማግ ይፈልጋል። መሣሪያው ድሩ ይሁን፤ ማጉ እኛ ነን።